ሻምበል ሚንጎና የዱላው ጫፍ

ስለ አንድ ያረፈ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጽፈን እንድናመጣ በታዘዝን ጊዜ ግማሹ ክፍል ወደ አፄ ቴዎድሮስ ሮጠ። በተለይ ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣን ልጆች ጋፋትንና ሴባስቶፖልን ትተን ስለ ሌላ መጻፍ ነውር ይመስለናል። የቀረው አበበ ቢቂላንና ጥላሁን ገሠሠን ተሻማ። እኔ ፍራንሷ ሚንጎ ብዬ ርእሴን ሳስመዘግብ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ የፍራፍሬ ስም መስሎት ሳቀ። ይሳቅ። እኔ ሰውዬውን የመረጥኩት ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እብናት ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት መልስ የምውለው ፑል ቤት ነበር። መቼም ይህን ያነበበ ሰው ፊቱን እንደሚያጠቁር አውቃለሁ፤ አባቴም አጥቁሮ ነበር። በእኛ አገር ፑል ቤት የታየ ልጅ ከትምህርቱም ከእርሻውም ያልሆነ፣ ዱርዬ ተብሎ የተፈረደበት ነው። ግን እኔ ለመጫወት ሳይሆን ለመሥራት ነበር የምገባው። ኳስ እደረድራለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ አረንጓዴውን ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዱላዎቹን ጫፍ ቆዳ እቀይራለሁ። ደብተርና እስክሪብቶ የገዛሁት በዚያች የጣት ጥፍር በምታክል ቆዳ ነው። ታዲያ ያቺን ቆዳ ዱላ ላይ በመለጠፍ ስሙ የሚጠራው ሰው ይኸው ሻምበል ሚንጎ ነው።

ፑል የማያውቅ አንባቢ ስለ አንዲት ቁራጭ ቆዳ ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ ይለኝ ይሆናል። ዱላው እንጨት ነው፣ ኳሷም ደረቅና ለስላሳ ናት። እንጨቱ በባዶው ኳሷን መሐል ለመሐል ካልመታት በቀር ይንሸራተታል። ቆዳ ግን ይይዛል። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ከሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ሺሕኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ቆዳዋ ትንሽ ገባ ትልና ኳሷን ጨብጣ ትለቃታለች። ከመሐሏ ዝቅ አድርገህ ከመታሃት ወደ ፊት እየሄደች ወደ ኋላ ትሾራለች፤ ሌላዋን ኳስ ገጭታ ወደ አንተ ትመለሳለች። ጎኗን ከመታሃት ደግሞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክታ ስትመለስ አቅጣጫዋን ትቀይራለች። ይህም ልክ አለው፤ ከመሐሏ እስከ ዳርቻዋ ካለው ርቀት ግማሹን ካለፍክ ጠመኔ ብትቀባም ይስትሃል።

ሚንጎ በ1771 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ኒም ከተባለች ከተማ አጠገብ ለ ካይላር በምትባል መንደር ተወለደ። ዓመቱን ወደ እኛ አገር ስናመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ላይ የነበረበት ጊዜ ነው። ለ ካይላር በኮርማዎቿ የታወቀች፣ ከብት የሚረባባት አገር ናት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የከብት አገር ልጅ ቆዳን ቢያውቅ አይገርምም አልኩ ለራሴ። ካደገ በኋላ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ የእግረኛ መኮንን ሆነ። የፈረንሳይ አብዮት በ1789 ሲፈነዳ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ዕድሜው ሁሉ ንጉሥ በወረደበት፣ አንገት በተቀላበት፣ በኋላም ናፖሊዮን በነገሠበት ዘመን ያለፈ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን አፉን የማይዝ መኮንን መጨረሻው ይታወቃል። ሚንጎ በፖለቲካ ንግግሩ የተነሳ ፓሪስ ላይ ታሰረ።

በእስር ቤቱ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ነበር። ዛሬ ፑል የምንለው የዚያ ጨዋታ ልጅ ነው። እነሱ የሚጫወቱት ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ ላይ በሦስት ኳስ ነበር፤ ከረንቡላ የሚለው ቃላችንም በጣልያንኛ በኩል የመጣው ከዚያው ወገን ነው። በጥንቱ ጊዜ ኳሱ የሚገፋው ጫፉ ሰፋ ባለ ከባድ ዱላ ሲሆን፣ ኳሷ ጠርዝ ሥር ስትወሸቅ ዱላውን ገልብጠው በቀጭኑ ጭራው ይነኳት ነበር። ፈረንሳዮች ለዱላው የሰጡት ስም ትርጉሙ ጭራ ማለት የሆነው ለዚህ ነው። ኋላ በጭራው መጫወት ተለመደ፤ ግን ለሁሉም አይፈቀድም፣ ጀማሪ ጨርቅ ይቀዳል ተብሎ ይፈራል። (እብናትም ያው ነው፤ ጨርቅ የቀደደ ይከፍላል የሚል ጽሑፍ ግድግዳችን ላይ ነበረን፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።) ሚንጎ በእስር ቤት ባለው ጊዜ የዱላውን ጫፍ ድቡልቡል አድርጎ ቆዳ አለበሰው፤ ከዚያ ኳሷ ምን ምን ልትሠራ እንደምትችል በየቀኑ መመርመር ያዘ።

እዚህ ላይ እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ትንሽ ልቁም። የሚንጎን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች የታሰረው ባስቲይ በተባለው ዝነኛ ወህኒ ቤት ነው ይላሉ። ጥሩ ወሬ ነው፣ ችግሩ ባስቲይ በሐምሌ 1789 በሕዝብ ተሰብሮ ወዲያው የፈረሰ መሆኑ ነው። ያን ዕለት የተገኙበት እስረኞች ሰባት ብቻ ነበሩ። ሚንጎ ከእስር የወጣው ደግሞ በ1807 ነው። በሌለ ቤት ማን ይታሰራል? አንድ ሰው ስሙ ስለሚያምር ብቻ ባስቲይ ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ቀዳ፣ ሌላውም ቀዳ።

ሌላው ወሬ ይበልጥ ከንክኖኛል። ሚንጎ የመፈቻው ቀን ሲደርስ ምርምሬን አልጨረስኩምና እስሬ ይራዘምልኝ ብሎ አመለከተ ይባላል። ይህንን ስሰማ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ወንድም ጋሼ በአንድ ጥል የተነሳ ሁለት ወር ታስሮ ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ። እንጀራውን በአገልግል ይዤ በር ላይ ስቆም የነበረው ነገር ሁሉ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። የተፈታ ቀን ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ጫማውን ሳያስር ነው የወጣው። ስለዚህ ሰው በፈቃዱ እስር ይጨምራል የሚለውን ለማመን ይቸግረኛል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ወንድም ጋሼ ውስጥ ሳለ ከሌላ እስረኛ መስፌድ መስፋት ለምዶ ነበር፤ ከወጣም በኋላ ጀምሮት የወጣውን መስፌድ ሳያነሳ ቀኑ አይመሽም ነበር። ምናልባት የሚንጎ ወሬ ከዚህ ዓይነት እውነት ተነስቶ አድጎ ይሆናል። እኔ ግን ይባላል ከሚለው ቃል ጋር አብሬ እተወዋለሁ።

በ1807 ሲፈታ፣ ያኔ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን መሆኑ ነው፣ ሚንጎ ያጠናውን በአደባባይ ማሳየት ጀመረ። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ኳስ ተመትታ ትሄድና መሐል ላይ ሐሳቧን እንደቀየረች ሰው ወደ ኋላ ትመለሳለች። ዱላውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ኳሷን ከአናቷ ሲመታት ደግሞ በመንገዷ የቆመችውን ኳስ ዞራ አልፋ ከኋላ ያለችውን ትነካለች። ይህ ምት ዛሬም ይኖራል፤ ለጨርቁ የሚሳሳ ባለ ፑል ቤት ግን አይፈቅደውም። እኛ ዘንድ ይህን ሊሞክር ዱላ ቀጥ ያደረገ ሁሉ በጩኸት ነበር የሚባረረው።

በ1827 ፓሪስ ላይ የምቶቹን ሥዕሎች የያዘ መጽሐፉን አሳተመ። ለንደን የነበረው የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ተርስተን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ አወጣው። ይህ ተርስተን የዋዛ ሰው አይደለም፤ የጠረጴዛውን ወለል ከእንጨት ወደ ድንጋይ የቀየረ፣ በኋላም ለጠርዙ ጎማ ያመጣ ነው።

ቆዳ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ጠመኔ ያስፈልገዋል። የዚህ ጀግና ጃክ ካር የሚባል፣ ባዝ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ በቢሊያርድ ቤት ነጥብ የሚቆጥር ሠራተኛ ነው። እንደኔ ያለ ሠራተኛ ማለት ነው! ካር ኳስ የሚያሾር ልዩ ዱቄት አለኝ እያለ ተራውን ጠመኔ በትናንሽ ዕቃ አድርጎ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር ይባላል። ስላነበብኩት ቁጭት ቢጤ ያዘኝ፤ እኔ የትምህርት ቤት ጠመኔ ቁራሽ በነጻ ነበር የማድለው። ለነገሩ የዛሬው ሰማያዊ የፑል ጠመኔ የሰሌዳው ጠመኔ አይደለም፤ በደቀቀ አሸዋ መሰል ነገር የተሠራ ነው፣ አሠራሩም አሜሪካ ውስጥ በ1897 የባለቤትነት መብት የወጣበት ነው። የሰሌዳው ጠመኔ ብዙም አይይዝም።

የሚንጎ ዓይነት ምት ሊቃውንትንም አስነሳ። ፈረንሳዊው ጋስፓር ኮሪዮሊስ በ1835 ስለ ቢሊያርድ ኳስ አካሄድ በሒሳብ የተሞላ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ በጂኦግራፊ ትምህርት ነፋስ ከምድር መሽከርከር የተነሳ ይጣመማል ሲባል ስሙ የሚነሳው ያው ሰው ነው። አሥረኛ ክፍል ስሙን ስሸመድድ ስለ ፑልም እንደጻፈ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ አንድ ነጥብ አልስትም ነበር።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ደህና የቆዳ ጫፍ በፓኮ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ ሲያልቅ ግን ገበያተኛ እስኪሄድ መጠበቅ ነው። ያኔ የእጅ ሥራ ይጀመራል። ጠፍር ሞከርኩ፤ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ኳሷን ሲመታት ይጮኻል፣ ጠመኔም አይቀበልም። የበግ ቆዳ ሞከርኩ፤ በሦስት ጨዋታ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ከዱላው ውጭ ፈሰሰ። የአሮጌ ጫማ ሶል የተሻለ ነበር። ከሁሉ የበለጠው ግን ቀበቶ ሆነ፤ ያውም ብዙ ዓመት የታጠቁት። አባቴ ቀበቶው ከጫፉ እያጠረ የሄደው እሱ ወፍሮ እንዳይመስለው እሰጋ ነበር። ለመክሳቱ እንኳ ማስረጃ አያስፈልግም፣ ድርቁ የበረታበት ዓመት ነበር። ደርሶበት ምንም አላለኝም፤ ቀበቶውን ብቻ ማታ ማታ ትራሱ ሥር ማድረግ ጀመረ።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። አሮጌውን ቆዳ በምላጭ ታነሳለህ፣ ነጯን ቀለበት ሳትነካ። ከዚያ የዱላውን አፍ ፍጹም ደልዳላ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለህ፤ ብርሃን ላይ አይተህ ጭላንጭል ካለበት አልሆነም። የቆዳዋንም ሥር ታሻክራለህ። ማጣበቂያው ትንሽ ይበቃዋል፣ ሲበዛ ጠንክሮ ይሰበራል። መሐል አድርገህ ተጭነህ ታቆየዋለህ። ሲደርቅ ዱላውን ገልብጠህ በጠንካራ እንጨት ላይ የተረፈውን ትከረክማለህ፣ ጎኑን በምራቅ አርሰህ በጨርቅ እስኪያበራ ታሻለህ፣ ራሱን በሳንቲም ጠርዝ ልክ ድቡልቡል ታደርጋለህ። ለፑል ዱላ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የስኑከር ከዚያ ይቀጥናል። ለስላሳ ቆዳ ኳስ ጥሩ አድርጎ ያሾራል ግን ቶሎ ያልቃል፣ ጠንካራው ዕድሜ አለው ግን ጠመኔ ያስመርረዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መካከለኛውን ያዙ፤ የሁሉም ሰው ዱላ በሆነበት ቤት በተለይ።

አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ሰው ተሰልፎ ስለነበር መድረቁን ሳልጠብቅ ዱላ አቀበልኩ። በብር የተያዘ ጨዋታ ነበር፤ የቀረችው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ናት። ልጁ ሲመታ ቆዳዋ ከዱላው ተነጥላ በረረች፣ ነጯ ቀዳዳ ገባች። የተፈጠረውን ጩኸት መናገር አልችልም። ተሸናፊው ያስያዘውን ብር ከደመወዜ ከፈልኩ፣ ሥራውም በዚያው ቀረ። ለሁለት ሳምንት ያህል በፑል ቤቱ በር በኩል ማለፍ እንኳ ፈርቼ በወንዙ ዞሬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንድ ሌሊት ብታድር ኖሮ አትነቀልም ነበር።

ሚንጎ በ1847 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሮተርዳም ላይ አረፈ፤ ዕድሜው 77 ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ያኔ ደብረ ታቦር ላይ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ነበሩ። ወታደርነቱን ማንም አያነሳም፤ ያሳሰረው ንግግርም ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

ባለፈው ፋሲካ እብናት ስሄድ ደፈር ብዬ ፑል ቤቱ ገባሁ። ጠረጴዛው ያው ነው፣ ጨርቁ ተቀይሯል። አንድ የ14 ዓመት ያህል ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ በምላጭ ቆዳ ይከረክማል። ከጎኑ ተቀምጬ የሻምበል ሚንጎን ነገር አጫወትኩት፤ እስሩን፣ መጽሐፉን፣ ሮተርዳምን። አንገቱን ሳያነሳ ሰማኝና ሰውዬው ከቆዳው ስንት ብር እንዳገኘበት ጠየቀኝ። ከዚያ ዱላውን በጥፍሩ ነካ አድርጎ አየና ገና ነው ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ተራ የሚጠብቁት እየተቆጡ።