ኢግናዝ ዜመልቫይስ

ኢግናዝ ዜመልቫይስ (1818–1865 እ.ኤ.አ.) የሀንጋሪ ተወላጅ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበሩ። የተወለዱት ዛሬ የቡዳፔስት ክፍል በሆነችው በቡዳ ነው።

በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት፤ በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በአንደኛው ክፍል በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች እጅግ ይበዙ ስለነበር ነፍሰ ጡሮች ወደዚያ እንዳይመደቡ ይለምኑ ነበር። ዜመልቫይስ ምክንያቱ መጨናነቅ ወይም የአየር ጠባይ ነው የሚለውን መርምረው ጣሉት፤ የሁለቱም ክፍሎች አየር አንድ ነውና።

በ1847 ወዳጃቸው ያኮብ ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ላይ በተማሪ ቢላ ተቆርጠው ሞቱ። በሬሳቸው የታየው ምልክት የአራሶቹን ይመስል ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ በቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። ዛሬ የበሽታ መተላለፊያ መንገድ የሚባለው እዚህ ላይ የሐኪሙ እጅ ነበር። ዜመልቫይስ እጅ በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠብ አዘዙ። በኤፕሪል 1847 ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሲሞቱ፣ በ1848 ሟቾቹ ከ100 ሁለት እንኳ አልሞሉም።

ሆኖም ብዙ ሐኪሞች ገዳዩ የራሳቸው እጅ ነው መባሉን አልተቀበሉም። ተህዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና ስላልተረጋገጠ ማስረጃቸው ቁጥር ብቻ ነበር። መጽሐፋቸውን ያወጡት በ1861 ሲሆን፣ መዘግየቱ ሳይጎዳቸው አልቀረም። በኋላም ለተቃዋሚዎቻቸው ነፍሰ ገዳይ የሚል ክስ ያዘሉ ደብዳቤዎች ጻፉ።

በ1865 ቪየና በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብተው ከሁለት ሳምንት በኋላ በ47 ዓመታቸው ሞቱ። የሞቱት ቁስል አመርቅዞ ደማቸው በመመረዙ ነው።