ሄንሪ ሮይስ፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ

በነገሥታት አደባባይና በባለጸጎች ደጃፍ ከታዩት አውቶሞቢሎች መካከል የሮልስ ሮይስን ያህል ስሙ የገነነ የለም። በብዙ አገር ያሉ ነጋዴዎች አንድ ዕቃ ከመሰሎቹ ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ሊናገሩ ሲፈልጉ በዚህ ስም መመሰልን ልማድ አድርገውታል። ስሙን የሚሰማ ሰው ግን መኪናውን የሠራው ከባለጸጋ ቤት የተወለደና በታላቅ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያው በእርግጥ የመኳንንት ልጅ ስም ነው፤ መኪናውን የሠራው ግን ሁለተኛው ነው፤ እርሱም በልጅነቱ በሎንዶን መንገድ ላይ ጋዜጣ እየሸጠ የዕለት እንጀራውን ያገኝ የነበረ ድኻ ነው።

ፍሬድሪክ ሄንሪ ሮይስ ማርች 27 ቀን 1863 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር በፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ አልዋልተን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ሮይስ ወፍጮ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ከአምስት ልጆቹም ሄንሪ የመጨረሻው ነበር። የወፍጮው ሥራ ስለ ከሰረ ቤተ ሰቡ ተበተነ፤ አባትየውም ወደ ሎንዶን ሄዶ በ1872 ዓ.ም. ድኾች በሚጠለሉበት ቤት ሞተ። በዚያን ጊዜ ሄንሪ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጋዜጣ ሸጠ፤ ቴሌግራም በየቤቱ አደረሰ፤ በትምህርት ቤት ያሳለፈው ዘመን ቢደመር ግን ከአንድ ዓመት እምብዛም አይበልጥም።

በ1878 ዓ.ም. አንዲት አክስቱ አዘነችለትና በዓመት 20 ፓውንድ ልትከፍልለት ተስማምታ በፒተርቦሮ በነበረው የምድር ባቡር ኩባንያ የሥራ ቤት በተለማማጅነት አስገባችው። ብረትን መሞረድና መለካት የተማረው በዚህ ነው። ማታ ማታም ከሥራ ሲመለስ አልጀብራና የፈረንሳይ ቋንቋ፣ እንዲሁም በዚያ ዘመን ገና አዲስ የነበረውን የኤሌክትሪክ ዕውቀት ለብቻው ያጠና ነበር። ሦስት ዓመት ያህል እንደ ቈየ ግን የአክስቱ ገንዘብ አለቀና ትምህርቱ ሳይፈጸም ቀረ። ሮይስ የምስክር ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ሆኖ ወደ ዓለም ወጣ። ኋላ በሥራው ላይ ያሳየው እስከ ጭንቀት የሚደርስ ጥንቃቄ ከዚህ ጉድለት የመጣ ይመስላል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ምስክሩ የእጁ ሥራ ብቻ ነውና።

ከዚህ በኋላ በሊድስ ከተማ በመሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ፣ ቀጥሎም በሎንዶን በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው ወደ ሊቨርፑል ልኮት የመንገድና የቴአትር ቤት መብራት ሲያስተክል ቈየ፤ ኩባንያው ሲፈርስም እንደገና ሥራ ፈት ሆነ። በ1884 ዓ.ም. የሃያ አንድ ዓመት ጐልማሳ ሳለ ያጠራቀመውን 20 ፓውንድ ይዞ ወደ ማንቸስተር ሄደ። ኧርነስት ክላሬሞንት የሚባል ወዳጁ 50 ፓውንድ ጨመረበትና ኩክ ስትሪት በሚባለው መንገድ አንዲት ትንሽ የሥራ ቤት ከፈቱ። ሁለቱ ወጣቶች ከሥራ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ያድሩ ነበር፤ ምግባቸውንም ዕቃ በሚያደርቁበት ምድጃ ላይ ያበስሉ እንደ ነበር ይነገራል።

መጀመሪያ የሠሩት የበር ደወልና አምፑል መያዣ ነው። ቀጥሎ ዲናሞ ሠሩ። የሮይስ ዲናሞ ብልጭታ እንዳያወጣ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበር የጥጥ ብናኝ ለሚሞላባቸው የፈትል ፋብሪካዎች እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ የከባድ ዕቃ ማንሻ ክሬን መሥራት ጀመሩ፤ ክሬኑም በወደቦችና በፋብሪካዎች ስም አገኘ። ሁለቱ ሽርካዎች ሁለት እኅትማማቾችን አገቡ። ሮይስ ቤት ሠራ፤ የአትክልት ቦታም አበጀ።

ነገር ግን ከደቡብ አፍሪካው የቦየሮች ጦርነት በኋላ ከጀርመንና ከአሜሪካ የሚመጣ ርካሽ ክሬን ገበያውን ያዘው። ሮይስ ከሠራው ዕቃ አንዳንዱን አምሳያውን ሠርተው በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ማንም ነጋዴ የሚያውቀው ፈተና ደረሰበት፤ የዕቃውን ደግነት ቀንሶ በዋጋ መወዳደር፣ ወይም በዋጋው ጸንቶ ደንበኛ ማጣት። ሮይስ አልቀንስም አለ። ገቢው ጐደለ፤ እርሱም ሌት ተቀን ሲሠራና ምግቡን ሲረሳ ኖሮ በ1902 ዓ.ም. ጤናው ታወከ።

ከዚያው ዘመን ጀምሮ በአውቶሞቢል መጫወት ጀምሮ ነበርና በ1903 ዓ.ም. ዴኮቪል የሚባል ሁለት ሲሊንደር ያለው የፈረንሳይ መኪና ከሌላ ሰው ገዛ። መኪናው ለዘመኑ መልካም ነው ይባል ነበር። ሮይስ ግን ጩኸቱንና መንቀጥቀጡን፣ አልነሣም እያለ ማስቸገሩንም አልታገሠውም። ፈታታው፤ እያንዳንዱን ክፍል መረመረ፤ በመጨረሻም ሦስት መኪና በራሱ እጅ ሊሠራ ቈረጠ። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ሮይስ ከዚያ በፊት ማንም ያላሰበውን ነገር የፈጠረ ሰው አይደለም። ሌሎች የፈጠሩትን ነገር ወስዶ ልክ እስኪሆን ድረስ የሚያርም ሰው ነበር። የመጀመሪያው የሮይስ መኪና አፕሪል 1 ቀን 1904 ዓ.ም. ከኩክ ስትሪት በር ወጣ። ኃይሉ 10 የፈረስ ጕልበት ነበር፤ ተመልካቾቹንም ያስደነቃቸው ፍጥነቱ ሳይሆን ዝምታው ነው።

በዚያ ወራት ቻርልስ ስቲዋርት ሮልስ በሎንዶን የመኪና ንግድ ከፍቶ ነበር። ይህ ሰው የሎርድ ላንጋቶክ ሦስተኛ ልጅ፣ በካምብሪጅ የተማረ፣ እሽቅድምድም የሚወድ ጐበዝ ነው። የሚሸጠው መኪና ሁሉ የውጭ አገር ሥራ ስለ ነበር የአገሩን መኪና ባለማግኘቱ ይቈጭ ነበር። ከሮይስ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች አንዱ የነበረው ሄንሪ ኤድመንድስ ሁለቱን ሊያገናኛቸው ፈለገ፤ ሜይ 4 ቀን 1904 ዓ.ም. በማንቸስተር ሚድላንድ ሆቴል ተገናኙ። ሮልስ ሁለት ሲሊንደር ያለው መኪና ሁሉ ይንቀጠቀጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በሮይስ መኪና ላይ ተቀምጦ ጥቂት እንደ ሄደ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሮይስ የሚሠራውን መኪና ሁሉ ሮልስ እንዲሸጥ፣ መኪናውም በሁለቱ ስም እንዲጠራ ውል ተፈራረሙ። በ1906 ዓ.ም. ሮልስ ሮይስ የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ።

የማኅበሩን አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ በተሞከረ ጊዜ ገዢው እንደ ታሰበው አልመጣም። ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከመኪናዎቹ አንዱን ገዝቶ የሚነዳ የብራድፎርድ የሱፍ ነጋዴ 10,000 ፓውንድ አውጥቶ ጉድለቱን ባይሞላ ኖሮ የማኅበሩ ታሪክ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር።

ስለ ሮልስና ስለ ሮይስ የሚናገሩ ሰዎች ሦስተኛውን ሰው ይረሱታል። እርሱም የሮልስ የንግድ ባልደረባ ክሎድ ጆንሰን ነው። የማኅበሩን ሥራ የሚመራው፣ የመኪናውንም ስም ለዓለም ያሰማው እርሱ ነበር። ሮይስ በ1906 ዓ.ም. ስድስት ሲሊንደር ያለው አዲስ መኪና በሠራ ጊዜ ጆንሰን አንዱን ብርማ ቀለም አስቀብቶ፣ መብራቱንና መያዣውን በብር አስለብጦ “የብር መንፈስ” ብሎ ሰየመው። ስም ብቻ እንደማይበቃ ግን ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1907 ዓ.ም. የእንግሊዝ የአውቶሞቢል ክበብ ታዛቢዎች ባሉበት ይኸው መኪና በሎንዶንና በግላስጎ መካከል ሌሊትና ቀን እንዲመላለስ አደረገ። 629 ማይል እንደ ሄደ የቤንዚኑ መዝጊያ በመንገዱ መናወጥ ራሱ ተዘጋና መኪናው ቆመ። ከዚያ በኋላ 14,371 ማይል ያለ ብልሽት ሄደ። 15,000 ማይል ሲሞላ ታዛቢዎቹ መኪናውን አስፈትተው እያንዳንዱን ክፍል ለኩ፤ እንደ አዲስ ለማድረግ የሚያስፈልገውም መለዋወጫ ዋጋው ከ2 ፓውንድ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ይህች ትንሽ ሒሳብ ከማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ ለማኅበሩ ጠቀመች።

ቀጥሎ ጆንሰን ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ማኅበሩ አነስተኛ መኪናዎቹን ሁሉ ትቶ ይህን አንዱን ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። የሻንሲው ብቻ ዋጋ 985 ፓውንድ ነበር፤ ሣጥኑንና ወንበሩን ገዢው ወደ ሠረገላ ሠሪዎች ሄዶ በራሱ ወጪ ያሠራ ነበር። በ1908 ዓ.ም. በደርቢ ከተማ ሮይስ ራሱ ያቀደው አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ።

የሮልስ ልብ ግን ከመኪና ወደ አውሮፕላን ዞሮ ነበር። ማኅበሩ ወደዚህ ሥራ እንዲገባ ቢለምን የሚሰማው አላገኘም። ጁን 2 ቀን 1910 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕሩን በአየር ተሻግሮ ሳያርፍ በመመለስ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ጁላይ 12 ቀን ግን በቦርንማውዝ በተደረገ የበረራ በዓል ላይ የአውሮፕላኑ ጭራ ተሰብሮ ወደቀና በ32 ዓመቱ ሞተ።

በተከታዩ ዓመት ሮይስም በጽኑ ታመመ። ለዓመታት በቅጡ ያልበላ፣ በቅጡም ያልተኛ ሰውነት ዕዳውን ጠየቀ። በ1912 ዓ.ም. ሆዱ ተቀደደ፤ ሐኪሞቹም ብዙ እንደማይቈይ ተናገሩ። ከዚህ ቀደም ብሎ ጆንሰን ሥራውን ትቶ ወደ ግብፅ ወስዶት ነበር፤ ሲመለሱም ለ ካናዴል የተባለውን የደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ሮይስ ስለ ወደደው በዚያ ቤት ተሠራለት። በዚህ ውስጥ ከርኅራኄ ሌላ ብልሃትም ነበረበት። ሮይስ በፋብሪካ ውስጥ ሳለ አንድ ሠራተኛ የጨረሰውን ሥራ ገና ይሻላል ብሎ ያስፈርስ፣ ያላግባብ የሞረደውንም ወዲያው ያባርር ስለ ነበር ምርቱ በጊዜው አይደርስም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ደርቢ ፋብሪካ የተመለሰ አይመስልም ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ክረምቱን በፈረንሳይ፣ በጋውን በእንግሊዝ እያሳለፈ ጥቂት ንድፍ አውጭዎችን ከአጠገቡ አስቀምጦ ትእዛዙን በደብዳቤ ይልክ ነበር። ከደብዳቤዎቹም ከፊሉ ለመሐንዲሶች ትምህርት እንዲሆን ታትሞ ተጠርዟል። የትዳሩ ነገር ግን በዚሁ ዘመን ፈረሰ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ያስታመመችው ኤተል ኦቢን የምትባል ነርስ ነበረች።

በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሮልስ በሕይወቱ ለምኖ ያጣው ነገር ግድ ሆነ። ሮይስ “ንስር” የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ሠራ፤ በ1919 ዓ.ም. አልኮክና ብራውን የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሳያርፉ የተሻገሩት በሁለት የንስር ሞተሮች ነው። መኪናውም ብረት ለብሶ ዘመተ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ በሒጃዝ በረሓ ኮሎኔል ሎሬንስ በቱርኮች ላይ ካዘመታቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የሮልስ ሮይስ ብረት ለበስ ነበር። ለእንደራሴዎች የተሠራ መኪና አሸዋና ድንጋይ ችሎ መሄዱ በደርቢ የነበሩትንም ሳያስደንቅ አልቀረም።

ጆንሰን በ1926 ዓ.ም. ሞተ። ሮይስ በዌስት ዊተሪንግ መንደር በባሕሩ አጠገብ ፍራፍሬ እየተከለ መሥራቱን አልተወም። ለሽናይደር ዋንጫ የተሠራው ታላቁ ሞተር መነሻው ሮይስ ከመሐንዲሶቹ ጋር በባሕሩ ዳር ሲሄድ በከዘራው አሸዋ ላይ የጫረው ሥዕል ነው ተብሎ ይነገራል። ይህ ሞተር በ1929 እና በ1931 ዓ.ም. ድል አደረገ፤ በ1931 ዓ.ም. ከዋንጫው በኋላ በዚሁ ዓይነት ሞተር የበረረ አውሮፕላን በሰዓት ከ400 ማይል በላይ ሄደ። በመካከሉም በ1930 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ለሮይስ የባሮኔትነት ማዕርግ ሰጠው። እርሱ ግን ራሱን መካኒክ ብሎ መጥራት ይወድ ነበር፤ ይህም ትሕትና ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ስም ይኰራ ነበርና።

ሰር ሄንሪ ሮይስ አፕሪል 22 ቀን 1933 ዓ.ም. በሰባ ዓመቱ ዐረፈ። በመሞቻው ዋዜማ በአልጋው ላይ ሆኖ የመኪና መንገድ ማለዘቢያን የሚመለከት ንድፍ በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ሥሎ ወደ ፋብሪካው እንዲላክ ለነርሷ እንደ ሰጣት ይነገራል። በመኪናው ግንባር ላይ ያለው የሁለት “አር” ፊደል ምልክት ከቀይ ወደ ጥቍር የተለወጠው ለእርሱ ኀዘን ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለውጡ የተወሰነው እርሱ በሕይወት ሳለ ነው። በመጨረሻ ዘመኑ ያስጀመረው ሞተር እርሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣ፤ ይህም ኋላ “መርሊን” ተብሎ በ1940 ዓ.ም. የእንግሊዝን ሰማይ የጠበቁትን ስፒትፋየርና ሃሪኬን የተባሉትን አውሮፕላኖች ያበረረው ነው።

ማኅበሩ በ1971 ዓ.ም. ለአንድ አዲስ የአውሮፕላን ሞተር ያወጣው ወጪ ከዐቅሙ በላይ ሆኖ ከሰረ፤ መንግሥትም ወረሰው። የመኪናው ሥራ ከሞተሩ ሥራ ተለይቶ ተሸጠ፤ በ1998 ዓ.ም. ስሙ በጀርመኖቹ ቤ ኤም ቬ እጅ ገባ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሮልስ ሮይስ መኪና የሚሠራው በሰሴክስ አውራጃ በጉድዉድ ነው፤ ሮይስ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈባት ዌስት ዊተሪንግም ከዚያ የራቀች አይደለችም። የሰውየው ዐመድ በመጀመሪያ በደርቢ ፋብሪካ ተቀብሮ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. ግን ተነሥቶ አባቱ ወፍጮ ወደ ነበረባት ወደ አልዋልተን ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ።