ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፦ መድፍ ያስተኮሱ፣ ወፍጮ ያላስፈጩ

ቴክኖሎጂ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ ሲባል ፌስቡኩም ቲክቶኩም የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ። ስልኩ የሳቸው፣ ባቡሩ የሳቸው፣ መኪናው የሳቸው። በዚያ ላይ ደግሞ የሞት መቅጫ የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው፣ መብራት እንደሌለ ሲገባቸው ዙፋን አደረጉት የሚል ወሬ አለ። በየጥቂት ወሩ ፎቶ ተለጥፎበት ይዞራል። ተረት ነው፣ ማስረጃ የለውም፣ በቃ ሼር አታድርጉት።

ዛሬ የምናወራው ስለ አያታቸው ነው። አያትየው ለእኛ ለደነባዎች የሩቅ ሰው አይደሉም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዓመታቸውን የሚያሳልፉት በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃንና በአንጎለላ መካከል እየተዘዋወሩ ነበር። አንጎለላ ጎረቤታችን ናት፤ ምኒልክም የተወለዱት እዚያው ነው። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የቴክኖሎጂ ክርክሮች አንዱ የተካሄደው እንግዲህ አዲስ አበባ ገና ሳትታሰብ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ብርድ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

ሣህለ ሥላሴ ሥልጣን የያዙት በ1813 ነው። አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ ተገደሉ፤ ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ደርሶ አልጋውን ሳይይዝ፣ ሃያ ዓመት እንኳን ያልሞላቸው ታናሽየው በእናታቸው በወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ወገኖችና በመንዝ ሰው ድጋፍ ቀደሙት። ያኔ በቴሌግራም የሚለቀቅ ሰበር ዜና ስለሌለ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚነግሠው። የሸዋ ገዢዎች ከዚያ በፊት መርዕድ አዝማች ነበሩ፣ አባትየው ራስ ተባሉ፤ እሳቸው ግን ንጉሥ ነኝ አሉ። ተቀናቃኝ ሊሆኑ የሚችሉትን የንጉሣውያን ቤተሰብ ወንዶች ደግሞ በባህሉ መሠረት ጎንቾ እስር ቤት አስቀመጧቸው። ከነዚያ መካከል ሠላሳ ዓመት ገደማ በሰንሰለት የቆዩ አሉ። ደግ ንጉሥ ነበሩ የሚለው ዝና እውነትነት አለው፤ ጎንቾም እውነት ነው።

ገና በልጅነታቸው በሕመም ምክንያት የግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ምናልባትም ከዚያ ይሆናል የመድኃኒት ነገር የማይጠግባቸው፤ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር መድኃኒት ይጠይቃሉ። ዕቃም ቢሆን እንደዚያው ነው። ግቢያቸው ውስጥ አንጥረኛው፣ ጠመንጃ ጠጋኙ፣ ሸማኔው፣ ባሩድ ቀማሚው ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። ባሩድ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ ከከሰል፣ ከድኝ፣ ከአፈር ተጣርቶ ከሚወጣ ጨው መሰል ነገር። ሦስቱም በአገር ውስጥ ይገኛሉ። ዛሬ የሀገር ውስጥ ምርት እያልን ኤግዚቢሽን የምንከፍትበትን ነገር እሳቸው ያለ ባነር አካሂደውታል።

የጠመንጃው ፍቅር ምክንያት ነበረው። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ መሣሪያ የሚመጣው በታጁራና በአፋር በረሃ በኩል በነጋዴ ግመል ነው፤ መንገዱን የያዘው ሰው ከፈለገ ያሳልፋል፣ ካልፈለገ ያስቀራል። ጎንደር ያሉት መሳፍንትም ዓይናቸው ሸዋ ላይ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ደግሞ በየዓመቱ በኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ላይ ይዘምታሉ፤ ጠመንጃው የሚሠራው እዚያ ነው። ከብት ተዘርፎ፣ መንደር ተቃጥሎ፣ ሰው አልቆ የሚመለሱበትን አንዱን ዘመቻ እንግዶቻቸው እንግሊዞች በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ይወዱ ነበር ስንል ምኑን ይወዱ እንደነበር አብረን ማየት አለብን።

1839 የፈረንጅ ዓመት ነበር ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ክራፕፍ እና ኢዘንበርግ የተባሉ ሚሲዮናውያን መጡ፤ ሃይማኖት ሊያስተምሩ ነበር ሐሳባቸው፣ ንጉሡ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የእጅ ሙያ የሚያውቅ ሰው ነበር የሚፈልጉት። በዚያው ዓመት ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሳዊ ባሩድ የሚፈጭ መሣሪያ ይዞ ደረሰ። አስተውሉ፤ ባሩድ የሚፈጭ ነው። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ 1841 ላይ ትልቁ መጣ። በሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የሚመራ የእንግሊዝ ልዑክ ከቦምቤይ ተነስቶ፣ ታጁራ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ወጣ። ሐኪሙ፣ ሠዓሊው፣ የተፈጥሮ አጥኚው፣ ወታደሩ ሁሉ አብሮ ነው። የስጦታው መክፈቻ እንግዲህ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ከሚታየው አንቦክሲንግ በምንም አያንስም። ሻሉ ወጣ፣ ሙዚቃ የሚጫወተው ሳጥን ወጣ፣ ሰዓቱ ወጣ፣ አሻንጉሊቶቹ ጨፈሩ። ንጉሡ ዘና ብለው ያያሉ። ሦስት መቶ ጠመንጃ ከነሳንጃው ሲደረደርላቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መድፎቹ ደግሞ በሕዝብ ፊት ተተኮሱ፤ የማዶው ኮረብታ ላይ ድንጋዩ ሲፈነጣጠር ሰዉ አፉን ይዞ ቀረ። በኅዳር ወር ውሉ ተፈረመ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከፈረንሳይም ጋር ተፈራረሙ። በሁለት ሲም መጠቀም ከኛ አልተጀመረም።

አሁን ወደ ወፍጮው።

በንጉሡ ቤት ዲሜትሪዎስ የሚባል፣ ከባልካን አገር የመጣ ባለሙያ ነበር፤ ግንብ ይሠራል፣ እንጨት ያውቃል። ይህ ሰው አንኮበር አጠገብ የውሃ ወፍጮ ሠራ። አንኮበርን ያየ ሰው ለምን እዚያ እንደሠራው ይገባዋል፤ ገደል ነው፣ ምንጩ ብዙ ነው፣ ውሃው ከላይ ወደ ታች ይወረወራል። ውሃው በቦይ ወርዶ መዘውሩን ይመታል፣ መዘውሩ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል፣ እህሉ በሁለት ድንጋይ መሃል ይደቃል። ነዳጅ የለ፣ የመብራት ቆጣሪ የለ፣ ካርድ መሙላት የለ። ተሠርቶም ሠራ። ፈጨም።

ብዙም ሳይቆይ ካህናቱ አዩት። ሰው ሳይነካው የሚዞር ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው ተባለ። ወፍጮው ቆመ።

እዚህ ላይ በካህናቱ መሳቅ ቀላል ነው። እኛ ግን ብዙ አንስቅም። በ2020 እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ያን ሁሉ መድፍና ሰዓት ከላኩት ሰዎች ዘር፣ 5ጂ ኮሮና ያመጣል ብለው የስልክ ማማ ያቃጠሉ ነበሩ። ያውም ወሬውን ያነበቡት በስልካቸው ነው። የማይገባን ነገር ብቻውን ሲንቀሳቀስ ስናይ መደንገጥ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ አገር ብቻ አይደለም።

የሚያናድደን ሌላ ነው። መድፉንም ሰይጣን አለበት ብሎ ያስቆመ ሰው አልተገኘም። እሳት እየተፋ፣ እያጓራ፣ ተራራ የሚፈነቅል ነገር በሰላም ግምጃ ቤት ገባ፤ ዱቄት የሚያወጣው ግን ተከሰሰ። የባሩድ መፍጫው ይሁን፣ የጤፍ መፍጫው ይቅር። እንዴ!

ንጉሡስ? አቅም አጥተው ነው እንዳንል አልሆነልንም። በዚያው በ1840ዎቹ መጀመሪያ በሸዋ ካህናት መካከል ከባድ የሃይማኖት ክርክር ነበረ፤ ሣህለ ሥላሴ የሦስት ልደትን ትምህርት ደግፈው ቆሙና ያልተስማሙትን ካህናት ከቦታቸው አነሷቸው። ጳጳሱ ራሳቸው በተቃራኒው ወገን ነበሩ፤ እሱም አላስፈራቸውም። ማለትም ንጉሡ ሲፈልጉ ከቤተ ክህነት ጋር ይጋጫሉ። ለወፍጮ ብለው ግን አልተጋጩም። ለምን ይጋጫሉ? እሳቸው አይፈጩ።

የሚፈጩት ሴቶች ነበሩ። ድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ መጅ መግፋት ምን እንደሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ገና ሳይነጋ ይጀመራል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ መዳፍ ይላጣል፣ የአንድ ቤት የዕለት እንጀራ የሰዓታት ግፊት ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ ግብር ለሚበላው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ዱቄቱን የሚያወጡት በብዛት ባሪያ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። አንድ የውሃ ወፍጮ የእነዚያን ሁሉ ሴቶች ጠዋት ይመልስ ነበር። ግን የባሪያ ጉልበት በነፃ እያለ ማሽን ለማን አስቸኳይ ይሆናል? አሻሚ ወሬ ሲመጣ ወፍጮውን ማቆም ምንም አያስከፍልም ነበር፤ የሚከፍሉት አልተጠየቁም።

አሁንም ቢሆን ኮሜንት ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ስንጨቃጨቅ የምናነሳው የትኛው ስልክ ካሜራው ይሻላል፣ የትኛው ድሮን ሩቅ ይሄዳል ነው። የዛሬ ቴክኖሎጂ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ግን በገበያ ቀን ደነባ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ይቁም። እህሏን በአህያ ጭና ከገጠር የመጣች እናት፣ መብራት ሲጠፋ እዚያው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። መብራቱ ሲመጣ ወፍጮው ሲያጓራ የሚሰማት ደስታ ከማንኛውም የስልክ አፕዴት ይበልጣል። እናትየው ፌስቡክ ላይ የለችም፤ ስለዚህ ትሬንድ አያደርግም።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በመጨረሻ ዓመቶቻቸው ጤናቸው እየታወከ ሄደ። እንግሊዞች ከመሄዳቸው በፊት፣ ንጉሡ ከሕመም ሲያገግሙ ሐሪስ ስለ ጎንቾ እስረኞች አማለዳቸውና የታሰሩት መሳፍንት ተፈቱ፤ በእኛ ሚዛን ከዚያ ልዑክ ከመጣው ሁሉ ትልቁ ስጦታ እሱ ነው፣ መድፉ አይደለም። በ1847 ሣህለ ሥላሴ አረፉ። ሠላሳ አራት ዓመት ገዝተው፣ ሸዋን ከወረሱት በእጅጉ አስፍተው፣ ግምጃ ቤቱን በዕቃ ሞልተው ነው የሄዱት። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ብዙ አልቆዩም። በ1855 አጤ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲደርሱ ያ ሁሉ የተሰበሰበ ጠመንጃ አላዳናትም፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ምኒልክም ተይዘው መቅደላ ወረዱ። ቴዎድሮስ ራሳቸውም ቢሆን ከፈረንጅ ባለሙያ የፈለጉት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አስቀለጡ።

ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ አምልጠው የአያታቸውን አልጋ መልሰው ያዙ። የአያታቸውንም ፍላጎት አብረው ወረሱ፤ ባለሙያ ፈረንጅ ላኩልኝ እያሉ ይጽፉ ነበር። በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። ይህ ሰው ነው በኋላ የድልድዩ፣ የቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃና የምድር ባቡሩ ውል ሰው የሆነው። ያን ቀን ግን መጀመሪያ የተሰጠው ፈተና፣ እንደሚተረከው፣ ጫማ መስፋት ነበር። ሰፋ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ፤ እያንገራገረ ሠራ።

የዲሜትሪዎስ ወፍጮ ከቆመ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚያው ገደል በላይ፣ በዚያው ግቢ ሴቶቹ መጅ እየገፉ ነበር።