ኃይል አይጠፋም ያለው የመርከብ ሐኪም

የኮሚቴው ሰዎች ለዓመት መጽሐፋችን ጻፊ ሲሉኝ ስለ ባቻችን ትዝታ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ሮበርት ማየር መጻፍ መረጥኩ። ፍሬሽማን ሳለን ኤንታልፒን ስንሸመድድ፣ ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለውን ሕግ የፊዚክስ ሰዎች ሥራ አድርገን ነው የያዝነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ግን የኛው ሙያ ሰው ነበር።

ዩሊዩስ ሮበርት ማየር እ.ኤ.አ. በ1814 በጀርመኗ ሃይልብሮን ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ ቤት ተወለደ። ቱቢንገን ሕክምና ተማረ። በተከለከለ የተማሪዎች ማኅበር ገብተሃል ተብሎ ለአንድ ዓመት ቢባረርም (ይሄ ለኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም) በ1838 ተመረቀ።

በ1840 የደች መርከብ ሐኪም ሆኖ ወደ ጃቫ ሄደ። ሱራባያ ላይ የታመሙ መርከበኞችን ደም ማውጣት ያዘ፤ የዘመኑ ሕክምና ነውና አንፍረድበት። ከክንዳቸው ደም መልስ የወጣው ደም ግን ደማቅ ቀይ ሆነበት፤ ደም ቅዳ የነካ እስኪመስለው ድረስ። የሰውነት ሙቀት ምግብ ቀስ እያለ ከመቃጠሉ እንደሚመጣ ከላቮአዚዬ ወዲህ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ማየር በሞቃት አገር ሰውነት ብዙ ማቃጠል አያስፈልገውም፣ ኦክስጅኑም ብዙ አይነካም ብሎ አሰበ። ዛሬ ብንጠየቅ፣ በሙቀት የቆዳ ሥሮች ስለሚሰፉ ደሙ ኦክስጅኑን ብዙም ሳይሰጥ ይመለሳል እንላለን። እሱ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ሰው ሲሠራ በሰበቃም ሙቀት ያመነጫል፤ የውስጡም የውጭውም ሙቀት የሚከፈለው ከዚያው ከበላው ምግብ ነው። እንዲያ ከሆነ በሙቀትና በሥራ መካከል ቋሚ ምንዛሪ መኖር አለበት።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1840 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ሌላ ሐኪም፣ ኢርኩትስክ በሽተኛ ሲያይ የነበረው ጀርማን ሄስ፣ የኬሚስትሪውን ግማሽ አሳተመ። አንድ ለውጥ የሚያወጣው ጠቅላላ ሙቀት በመነሻውና በመድረሻው ይወሰናል እንጂ በመንገዱ አይደለም። ግሉኮስ በእሳት ቢቃጠል ወይም በሴሎቻችን ውስጥ በብዙ እርከን ቢፈርስ፣ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ እስከሆነ ድረስ ሂሳቡ እኩል ነው። በካሎሪሜትር የተለካ ቁጥር ለምግብ እጥረት ሕፃን ወተት ለማስላት የሚያገለግለን በዚህ ምክንያት ነው፤ ስታርች በግራም 4፣ ስብ 9 ኪሎካሎሪ ገደማ።

መምህራኖቻችን ካነበቡት አንድ ልመና አለኝ። የኤቲፒ ትስስር ሲበጠስ ጉልበት ይወጣል ማለት ይቅር። ትስስር ለመበጠስ ሁልጊዜ ይከፈላል፤ ትርፉ የሚመጣው በምትኩ የሚታሰረው የበለጠ ሲመልስ ነው።

ማየር በ1841 ለአንድ የፊዚክስ መጽሔት ጽሑፍ ላከ፤ መልስ እንኳ አላገኘም። እውነት ለመናገር ፊዚክሱ ደካማ ነበር። አሻሽሎ ሲጽፍ ሊቢሽ በኬሚስትሪ መጽሔቱ በ1842 አወጣለት። በስሌቱ፣ ውሃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቀው ሙቀት ያንኑ ክብደት 365 ሜትር ወደ ላይ ያነሣል፤ ዛሬ 427 ገደማ ነው የምንለው። በ1845 ሐሳቡን በሕያዋን ላይ አስፍቶ በገዛ ገንዘቡ አሳተመ። ሰሚ ግን አልነበረም። በእንግሊዝ ጁል በጥንቃቄ እየለካ ስሙን አስጠራ፣ የማን ይቅደም ጭቅጭቅም ተነሣ።

በ1848 ሁለት ልጆቹ ተከታትለው ሞቱበት። በ1850 ከፎቅ መስኮት ዘለለ፤ ተረፈ። የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ገብቶም በኃይል እየታሰረ ታከመ። እዚህ ላይ ሳነብ ያመኛል፤ ያሰሩት የኛው ባልደረቦች ናቸውና። በ1853 ወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዝም ከማለቱ የተነሣ ሞቷል ተብሎ በአደባባይ ተነግሮ ነበር።

በ1862 ቲንዳል የተባለ ሳይንቲስት ለንደን ላይ ስሙን አነሣለት፤ በ1871 የኮፕሊ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1878 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ በተወለደባት በሃይልብሮን።