ጆን ስኮት ሆልዴንና የከርሰ ምድር ሙቀት

ከየካ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሰው ገና መንገዱን ሳያጋምስ ትንፋሹ ይፈጥናል። ትንፋሽን በዋናነት የሚቈጣጠረው በሰውነት ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1905 ከባልደረባቸው ከፕሪስትሊ ጋር ያስረዱት ጆን ስኮት ሆልዴን ናቸው። የማዕድን ባለሙያ ግን እኚህን ሰው የሚያስታውሳቸው በይበልጥ ከመሬት በታች ያለውን አየር በመመርመራቸው ነው።

ሆልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 በኤዲንብራ ተወለዱ። ሕክምና ቢማሩም በሽተኛ ከማከም ይልቅ አየርን መመርመር መረጡ፤ አብዛኛውን ዕድሜያቸውንም በኦክስፎርድ አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በጥር 1896፣ የአድዋ ጦርነት አንድ ወር ሲቀረው፣ በዌልስ አገር ታይለርስታውን በተባለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሠራተኞች ሞቱ። ሆልዴን አስከሬኖቹን መርምረው፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው ራሱ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጡ። ይህንኑ መርዝ ራሳቸው እየተነፈሱ በሰውነታቸው ላይ የሚያደርሰውን ይመዘግቡ ነበር። መርዙ ትናንሽ እንስሳትን ከሰው አስቀድሞ ስለሚጥል፣ አይጥና ካናሪ የተባለችው ወፍ ለማስጠንቀቂያ ወደ ጉድጓድ እንዲገቡ የመከሩም እርሳቸው ናቸው።

ስለ ሙቀት ያደረጉት ምርምር የካናሪዋን ያህል ዝና አላገኘም፤ ለሙያው ያለው ጥቅም ግን ከዚያ አያንስም። በኮርንዎል ያለውን ጥልቅና ሞቃት የቆርቆሮ ማዕድን ከተመለከቱ በኋላ፣ በሞቃት ክፍል ውስጥ እየቆዩ የሰውነታቸውን ሙቀት ለኩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1905 ታተመ። ሰውን የሚጥለው ተራው ቴርሞሜትር የሚያሳየው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ወሳኙ እርጥብ ጨርቅ የተጠመጠመበት ቴርሞሜትር ንባብ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነውና፣ አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይጠቅምም። በረጋ አየር ውስጥ ይህ ንባብ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ያረፈ ሰው እንኳ ሰውነቱ መጋል ይጀምራል። አካፋ የያዘው ሠራተኛማ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይሸነፋል።

ዛሬ በጉድጓዱ ውስጥ የናፍጣ መኪና ተጨምሯል። ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ወዲያውኑ ሙቀት ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠልም ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ለማቀዝቀዣና ለአቧራ ማጥፊያ የሚረጨው ሲታከልበት መጠኑ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለተመሳሳይ ሥራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሰጠው ሙቀት ከናፍጣው ሲሶ ያህል ሲሆን፣ ከጭሱ የሚወጣ እንፋሎትም የለውም። እንግዲህ የጉድጓዱን አየር በኮምፒዩተር አስመስሎ የሚያሰላ መሐንዲስ የእንፋሎቱን ድርሻ ዘንግቶ ደረቁን ሙቀት ብቻ ቢያስገባ፣ በወረቀት ላይ ለሥራ የተመቸ መስሎ የሚታየው ቦታ ሰው የሚወድቅበት ሆኖ ይገኛል።

ሆልዴን እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ በተባለው፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ የሳሳ አየር በሰው ላይ የሚያደርገውን አጠኑ። ይህ ለደጋ አገር ባለሙያ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ጫፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ የአየሩ ክብደት እንጂ ይዘቱ አይደለም። በባሕር ወለል ልክ የተዘጋጀን ሰንጠረዥ እንዳለ ወስዶ ማናፈሻ የሚመርጥ ሰው፣ ማቀዝቀዣ አየሩን ሩብ ያህል አጉድሎ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች በጦር ሜዳ ክሎሪን ሲለቁ፣ ጋዙን እንዲመረምሩ ወደ ፈረንሳይ የተላኩት ሆልዴን ነበሩ፤ ለወታደሩ መከላከያ በማዘጋጀትም ረድተዋል። በ75 ዓመታቸው ደግሞ በነዳጅ ማጣሪያ በሙቀት የተመቱ ሠራተኞችን ለመመርመር ወደ ፋርስ ተጓዙ። ከዚያ እንደ ተመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 በኦክስፎርድ ዐረፉ።