በንጉሥና በንግሥት ፊት የቆመ አባት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው በአደባባይ እውነትን መናገር ሁለት ጊዜ ይከብደዋል፤ አንድ ጊዜ ስለ ራሱ፥ ሁለተኛም በቤት ስለሚጠብቁት ይፈራልና። ስለዚህ በአገራችን በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ይህን ፈተና ያየውን የዮሐንስ ማርቲን ፍላድን ኑሮ በአጭሩ ልንገርህ። አንተም የቤት አባት ብትሆን ልብ ብለህ አንብብ።

ፍላድ በ1831 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር በቩርተምበርግ ኡንዲንገን በምትባል መንደር ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የምታገኘው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው። በባዝል ከተማ አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ቤት ተማረ። ያ ቤት የእጅ ሥራ የሚያውቁ ወጣቶችን ወንጌልን ለማስተማር ያዘጋጅ ነበር። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት ከዮሐንስ ክራፕፍ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ኋላም በኢየሩሳሌም ድውያንን ታገለግል የነበረችውን ጳውሊና ኬለርን አገባ፤ ከእርስዋም ጋር በደምቢያ ተቀምጦ ቤተ እስራኤልን ያስተምር ጀመር።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል መንደር አለች። ከክሪሾና የመጡት ሌሎቹ ባለ እጆች በዚያ ሰፍረው ለንጉሡ ይሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የፈሰሰው በዚያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸውን አንድ ለማድረግ፥ ጥበብንም ለማግባት እጅግ የደከሙ ንጉሥ ነበሩ። ነገር ግን በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ልባቸውም በዚህ ተቈጣ። በዚያም ላይ ሄንሪ ስተርን የሚባለው መልእክተኛ ስለ ንጉሡ ትውልድ የሚያዋርድ ነገር በመጽሐፉ ጽፎ ተገኘ። ስተርን በ1863 ተያዘ፤ ፍላድም በዚያ ነገር ታስሮ ተፈረደበት፤ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንም በ1864 ታሰረ። አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ አንድ ነገር ተማር፤ የሩቅ አገር ሰው ብቻ ያነበዋል ብለህ ስለ ሰው የምትጽፈው ቃል አንድ ቀን በራሱ በባለቤቱ ፊት ይገለጣል።

በ1866 ዓመተ ምሕረት የንግሥቲቱ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም መጣ፤ እስረኞቹም ጥቂት ጊዜ ተፈቱ። ነገር ግን ሳይወጡ እንደ ገና ተያዙ። ያን ጊዜ ንጉሡ ባለ እጆችና መሣሪያ እንዲመጡላቸው ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት፤ ሚስቱንና ሦስቱን ልጆቹን ግን መያዣ አድርገው አስቀሩ።

እስቲ ይህን በልብህ አስበው። አንድ አባት በቅሎውን ጭኖ ሲነሣ ልጆቹ ከደጅ ቆመው ያዩታል፤ ይመለስ ወይም አይመለስ የሚያውቅ የለም። የእነርሱም ደኅንነት በእርሱ አንደበትና በሁለት መንግሥታት ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። እናታቸው ጳውሊናም በባዕድ አገር ብቻዋን ልጆችን ስትጠብቅ አንድ ዓመት ያህል ቈየች። የእርስዋ ትዕግሥት ከባልዋ መንገድ አያንስም፤ ምንም እንኳ የመንገደኛው ስም ከሚጠብቀው ስም ይልቅ ቢነገር።

ፍላድ በነሐሴ 1866 በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቆመ፤ የመጣበትንም ነገር አቀረበ። በመጀመሪያ ባለ እጆቹ እንዲሄዱ ተፈቀደ። ነገር ግን ራሳምና ጓደኞቹ ታስረው ወደ መቅደላ እንደ ተወሰዱ በተሰማ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት አሳቡን ለወጠ፤ ባለ እጆቹና ስጦታው ምጥዋ ደርሰው እስረኞቹ እስኪፈቱ ድረስ በዚያ እንዲቈዩ ታዘዘ። እንግዲህ ፍላድ ይዞት የሚመለሰው ንጉሡ የሚወዱት መልስ አልነበረም።

ቢሆንም ተመለሰ። በ1867 ወደ ንጉሡ ሰፈር ገብቶ በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቆመ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ባለ እጆቹ እንደማይመጡ፥ ጦርነትም ሊነሣ እንደሚችል ሳይሸሽግ ነገራቸው። ንጉሡም ጦርነትን እንደማይፈሩ በእግዚአብሔርም እንደሚታመኑ መለሱ። ፍላድ መልእክቱን አጣፍጦ፥ ባለ እጆቹ በመንገድ ናቸው ብሎ ጥቂት ቀን ማትረፍ በቻለ ነበር። ነገር ግን በሐሰት የተገዛ ቀን ባለዕዳ ነው፤ ሲመለስ ከነወለዱ ይመለሳል። እርሱም ንጉሡን በእውነት አከበረ፤ ሰውን የሚያከብር የሚሰማውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም ይነግረዋልና።

ከዚህም በኋላ ፍላድ ነጻ አልወጣም። ንጉሡ በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ፥ እርሱም ከነቤተ ሰቡ አብሮ ተጓዘ። በሚያዝያ 1868 እስረኞቹ ሁሉ ተፈቱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በመቅደላ በራሳቸው እጅ ሞቱ። ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ አገሩ ገባ፤ ልቡ ግን በኢትዮጵያ ቀረ። ያስተማራቸውን የአገር ልጆች፥ ከእነርሱም ሚካኤል አረጋዊን፥ እንዲበረቱ ረዳ፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም እንዲታተም ደከመ። በ1915 በኮርንታል አረፈ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስጽፍ ራሴን እወቅሳለሁ። አንድ ጊዜ በጉባኤ ስለ ዕርቅ አስተምሬ፥ ሰውም አመስግኖኝ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ በማግሥቱ ግን አንድ ባለጠጋ በድሃ ጎረቤቴ ላይ ስላደረገው ግፍ ምስክር ሆኜ ስጠየቅ፥ የልጆቼን እንጀራ ፈርቼ አላየሁም አልሁ። ትልቁ ልጄ አብሮኝ ቆሞ ይሰማ ነበር። ማታ ለጸሎት ስንሰበሰብ ከእኔ ጋር ዐይን ለዐይን አልተያየም፤ ያም ዝምታ ከማንም ተግሣጽ ይልቅ ወጋኝ። በነጋታው ልጄን ይዤ ወደ ዳኛው ተመለስሁና ያየሁትን ተናገርሁ። ባለጠጋው ተቀየመኝ፤ የእህሉም ብድር ቀረብኝ፤ ልጄ ግን በዚያ ማታ ከእኔ ጋር ጸለየ።

እንግዲህ ለልጆችህ ከምታወርሰው ሁሉ በፊት የሚታመን አንደበት አውርሳቸው። በቤት የምትናገረውና በአደባባይ የምትናገረው አንድ ይሁን። ለሌላ የተሰጠህን መልእክት ሳትጨምር፥ ሳትቀንስም አድርስ። በሰው ፊት ከመቆምህ አስቀድመህ ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር በእግዚአብሔር ፊት ተንበርከክ፤ በዚያ ያልተፈራ እውነት በውጭ አያስፈራህምና። ልጆችህን መጠበቅ የማትችልበት መንገድ ቢያጋጥምህም፥ አባቶችን ሁሉ የሚጠብቅ እርሱ ይጠብቅልህ። አሜን።