ያልተፈረመው ውል

በቅርቡ ከገነተ ማርያም ስልክ ተደወለልኝ፡፡ ደዋዩ የአክስቴ ልጅ ነው፡፡ ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው በዚያ የላስታ ደጋ ገብስና ባቄላ እያረሰ ልጆቹን ያስተማረ ገበሬ ነው፡፡ ታላቋ ልጁ ውጭ አገር ሄዳ በባዮሜዲካል ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ እንድትማር ዕድል አግኝታለች፡፡ ክፍያው በከፊል ነፃ ነው፡፡ የቀረውን ለመሙላት በሬ ተሸጧል፣ ዘመድ አዋጥቷል፡፡ የአክስቴ ልጅ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው፡፡ አንደኛው፣ ልጅቱ ላጠናው ነው የምትለው ዲቨሎፕመንታል ባዮሎጂ ምን እንደሆነ እንዳስረዳው፡፡ ሁለተኛው፣ ተምራ እንደምትመለስ የምትፈርምበት ውል እንዳረቅለት፡፡

የመጀመሪያው ቀላል ነበር፡፡ ትምህርቱ አንዲት የተፀነሰች ሕዋስ እንዴት ተከፋፍላ ልብ፣ ዓይን፣ አጥንትና አንጎል እንደምትሆን የሚመረምር ነው፡፡ አያቶቻችን የፅንስ ነገር ብለው ለፈጣሪ የተዉትን፣ ዘመናዊው ሳይንስ ቀን በቀን ይከታተለዋል፡፡ ለምሳሌ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ነው፡፡ ብዙ እናቶች በዚያ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም፡፡ ቱቦው ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ወይም አንጎሉ ሳይሟላ ይወለዳል፡፡ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ ቢወሰድ ብዙውን ይህን ጉዳት ማስቀረት ይቻላል፡፡ ይህ ለላስታ እናት ሩቅ ዕውቀት አይደለም፡፡ የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ ውሉ ተመለሰ፡፡

በውሉ ላይ ግን አልተስማማንም፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1678 ውል እንዲጸና የተዋዋዮች ችሎታና ፈቃድ እንዲኖር፣ ጉዳዩም የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ እንዲሆን ይጠይቃል፡፡ አገሬን እጠቅማለሁ የሚል ቃል ምኑ ይታወቃል? መቼ ተፈጸመ፣ መቼ ፈረሰ ይባላል? ደግሞስ የ19 ዓመት ልጅ አባቷ ፊት ቆማ የምትፈርመው ወረቀት እውነተኛ ፈቃድ ነው? ስለዚህ ውሉን አላረቅሁም፡፡ በምትኩ የአንድ ወሎዬን ሕይወት ልጽፍለት ቃል ገባሁ፡፡ ውድ አንባቢም አብሮ ያነብ ዘንድ እነሆ፡፡ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ዶክተር መላኩ በያን በ1900 ወሎ ውስጥ ተወለዱ፡፡ ገና በጨቅላነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኮንን ቤት አካባቢ አደጉ፡፡ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆኑት ለተፈሪ መኮንን በዝምድናም በአስተዳደግም ቅርብ ነበሩ፡፡ ያ ዘመን አልጋ ወራሹ ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ባሕር ማዶ የሚልኩበት ነበር፡፡ አገሪቱ ሐኪም፣ መሐንዲስና አስተዳዳሪ ትፈልጋለች፤ የሚያስተምር ከፍተኛ ትምህርት ቤት ግን የላትም፡፡ መላኩም በ1921 መጀመሪያ ወደ ህንድ ተላኩ፡፡ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፡፡

ከእርሳቸው በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አልነበሩም ማለት አይደለም፡፡ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 በመቅደላ ጦርነት ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ህንድ ውስጥ አድገዋል፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነዋል፡፡ ልዩነቱ ሐኪም ወርቅነህን የወሰዳቸው ጦርነት ሲሆን መላኩን የላካቸው መንግሥት መሆኑ ነው፡፡ አንዱ ተወስዶ፣ ሌላው ታምኖበት ተላከ፡፡

መላኩ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በኦሃዮ ግዛት ነው፡፡ በመጀመሪያ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው የመስኪንገም ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፡፡ መስኪንገም የዩናይትድ ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ነበር፡፡ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን፣ ከእነርሱም ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና ይሰጡ ነበር፡፡ እንግዲህ ከወሎ የተነሣ ወጣት የኦሃዮ የክረምት በረዶ ውስጥ ሆኖ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሲያጠና አስቡት፡፡ ዛሬ ባዮሜዲካል ሳይንስ የምንለው ስብስብ በዚያን ጊዜ ይህን ስም አልያዘም፡፡ ይዘቱ ግን ነበረ፡፡

ወደ ሕክምናው ሲያልፉ መላኩ የመረጡት ትምህርት ቤት ሁሉን ነገር ለወጠው፡፡ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን መረጡ፡፡ ሃዋርድ የተቋቋመው በ1867፣ ከባርነት ነፃ ከወጡት ጥቁሮች ጋር ተያይዞ ነው፡፡ በዚያን ዘመን አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በራቸውን ለጥቁር ዘግተው ነበር፡፡ ከጥቁር ሐኪሞች አብዛኞቹ የሚወጡት ከሃዋርድና ቴነሲ ከሚገኘው ከሜሃሪ ብቻ ነበር፡፡ የንጉሥ ዘመድ ለሆነ ኢትዮጵያዊ ራሱን ከጥቁር አሜሪካዊ ለይቶ እንደ ምሥራቅ ልዑል ማቅረብ ቀላል ነበር፤ ያደረጉትም ነበሩ፡፡ መላኩ ግን ከጥቁሮቹ ጋር ለመማር፣ ከእነርሱ ጋር ለመቆጠር ወሰኑ፡፡

የሃዋርድን ነገር ካነሣን ለልጃችን ትምህርት የቀረበ አንድ ስም ማለፍ አይቻልም፡፡ በእነዚያው ዓመታት የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ጥናት ክፍል ኃላፊ ፕሮፌሰር ኧርነስት ኤቨረት ጀስት ነበሩ፡፡ በ1883 በደቡብ ካሮላይና የተወለዱት እኝህ ጥቁር ሳይንቲስት ከዘመኑ ታላላቅ የፅንስ ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው፡፡ ለ20 ዓመታት ያህል በየዓመቱ ዉድስ ሆል በተባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ የባሕር እንስሳትን እንቁላል መረመሩ፡፡ የወንዴ ዘር እንቁላሉን ሲነካ የእንቁላሉ የላይኛው ንጣፍ ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ እንደ ማዕበል እየተለወጠ እንደሚሄድና ሌላ ዘር እንዳይገባ እንደሚዘጋ አሳዩ፡፡ እንቁላሉ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ዕቃ ሳይሆን በገዛ ራሱ የሚሠራ መሆኑን አስተማሩ፡፡ ይህን ሁሉ ሠርተው ግን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከታላላቆቹ የነጭ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም ቦታ አልሰጣቸውም፡፡ ለምርምራቸው ክብር ፍለጋ ወደ ናፖሊ፣ ወደ በርሊንና ወደ ፓሪስ ተንከራተቱ፡፡ በ1940 ፈረንሳይ ውስጥ በጀርመኖች እጅ ገብተው ታሰሩ፤ በዓመቱ ዋሽንግተን ላይ አረፉ፡፡

ይህን የምተርከው ነገር ለማስረዘም አይደለም፡፡ የሕክምና ተማሪ የነበሩት መላኩ በየዕለቱ የሚያዩት ይህን ዓይነቱን እውነት ነበር፡፡ ዕውቀት ሰውን ከፍ ያደርጋል፤ ወገኑ ካልተከበረ ግን ዕውቀቱ ብቻውን አያስከብረውም፡፡ የመላኩ የኋላ ሕይወት በሙሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል፡፡

ትዳራቸውም የዚሁ ምስክር ነው፡፡ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ልጅ ለማግባት ታጭተው ነበር፡፡ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ አይገኝም ነበር፡፡ እርሳቸው ግን እጮኝነቱን ትተው በ1931 ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሐድሊን አገቡ፡፡ ገና ተማሪ ሳሉ በሙያ የሠለጠኑ ጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ሄደው እንዲሠሩ ይመለምሉ ጀመር፡፡ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጥተው የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩት በእርሳቸው አግባቢነት ነው፡፡

መላኩ በ1935 የሕክምና ዶክትሬታቸውን ያዙ፡፡ እዚህ ላይ ቆም እንበል፡፡ ወልወል ላይ ከተተኮሰ ወራት አልፈዋል፡፡ የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደር ጭነው ምፅዋ እየደረሱ ነው፡፡ ጦርነት እንደሚመጣ ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ያውቃል፡፡ አሜሪካ ውስጥ ቀርቶ መሥራት ለሚሻ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም፡፡ ዶክተር መላኩ ባለቤታቸውንና ትንሹን ልጃቸውን ይዘው በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመለሱ፡፡ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ ጦርነቱ ሲፈነዳም በዚያው ዓመት በተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሥር ቁስለኞችን ረዱ፡፡ የፋሺስት አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ያዘንቡ ነበር፡፡

ቀሪውን እናውቀዋለን፡፡ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያፈገፍጉ ወደ ላስታ ጎራ ብለው ላሊበላ ላይ ሱባዔ ያዙ፡፡ የገነተ ማርያም አዛውንት ከአባቶቻቸው የሰሙት ዘመን ነው፡፡ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፡፡ ዶክተር መላኩና ቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፡፡

በዚያው ዓመት የጥቁር አሜሪካውያን ልዑክ ለንደን ሄዶ፣ ኢትዮጵያን ለመርዳት የሚሰበሰበውን ገንዘብና ጉልበት የሚያስተባብር ሰው እንዲላክላቸው ንጉሠ ነገሥቱን ለመኑ፡፡ የተላኩት ዶክተር መላኩ ናቸው፡፡ ኒው ዮርክ ገብተው ሐርለምን መቀመጫቸው አደረጉ፡፡ በነሐሴ 1937 የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፡፡ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚል ትርጉም ያለው ጋዜጣም አወጡ፡፡ የማኅበሩ ቅርንጫፎች ከአሜሪካ ከተሞች አልፈው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተዘረጉ፤ በ1938 ጃማይካ ኪንግስተን ላይ 17ኛው ቅርንጫፍ ተከፈተ፡፡ ከነጻነት በኋላ ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ወገኖቻችን በንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠው 5 ጋሻ መሬት የተሰጠውም በዚሁ ማኅበር በኩል ነው፡፡

ልብ በሉ፣ በእነዚህ ዓመታት ሐኪሙ ሕክምናቸውን ትተው ነበር፡፡ ሕክምና ቤት ከፍተው ኑሯቸውን ማደላደል ይችሉ ነበር፡፡ እርሳቸው ግን ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞሩ ንግግር ያደርጋሉ፤ አባል ይመዘግባሉ፤ ሳንቲም ይሰበስባሉ፡፡ ሰውነታቸው አልቻለም፡፡ በሳንባ ምች ታመው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ፡፡ ማግስቱ አዲስ አበባ የተያዘችበት አራተኛ ዓመት ነበር፡፡ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ነፃ አዲስ አበባ ገቡ፡፡ ሙሉ ዕድሜያቸውን የሰጡላትን ቀን በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሳያዩአት ቀሩ፡፡

እንግዲህ ወደ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ፡፡ ልጁ ውጭ ተምራ ትመለሳለች ወይስ ትቀራለች? ዶክተር መላኩ በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ምን ይባላሉ? ተመለሱ፤ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ተሰደዱ፤ ባሕር ማዶ ሞቱ፡፡ ለአገራቸው የሠሩት ትልቁ ሥራ የተሠራው ውጭ አገር ነው፡፡ የተላኩለት የሕክምና ሥራም አልነበረም፡፡ ውል ቢኖራቸው ኖሮ ቃል በቃል የሚያነብ ዳኛ ግዴታቸውን አልፈጸሙም ይል ይሆናል፡፡

ይህን ታሪክ ግን ውጭ ለመቅረት ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብልኝ ካለ አልቀበለውም፡፡ ከሩቅ ሆኜ አገሬን አገለግላለሁ የሚል ሁሉ መላኩን ጠበቃ ማድረግ አይችልም፡፡ መላኩ ከሩቅ ያገለገሉት መጀመሪያ ከተመለሱ በኋላ ነው፡፡ የተመለሱትም ነገሩ ሲከፋ እንጂ ሲደላ አይደለም፡፡

በሌላ በኩል ውል ሁለት ወገን እንዳለው የሕግ ሰው ሊዘነጋ አይገባም፡፡ የራሱን ግዴታ ያልተወጣ ወገን ሌላውን ፈጽም ብሎ መክሰስ አይችልም፡፡ ከጣሊያን ወረራ በፊት ውጭ ተምረው ከተመለሱት ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በግራዚያኒ እጅ ተጨፈጨፉ፡፡ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከእነርሱ መካከል ናቸው፡፡ ያ የጠላት ሥራ ነው፡፡ የእኛ ሥራ የሚሆነው ግን የፅንስን ዕድገት አጥንታ የምትመጣው ልጅ ማይክሮስኮፕና የሚያሠራት አለቃ እንድታገኝ ማድረግ ነው፡፡ ለላስታ እናቶች የሚጠቅም ጥያቄ ይዛ ብትመጣ የሚሰማት ቢሮም ያስፈልጋታል፡፡ ይህን ሳናዘጋጅ ልጅን ማስፈረም ፍትሕ አይመስለኝም፡፡

ለአክስቴ ልጅ የምመክረው፣ ወረቀቱን ትቶ የዶክተር መላኩን ታሪክ ለልጁ እንዲነግራት ነው፡፡ የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎቻችንም ስማቸውን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፡፡ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ያስፈረማቸው ሰው ስለመኖሩ አላነበብኩም፡፡ ዕዳቸውን ግን ከፍለው ሞተዋል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡